ስለ ብሬድቦርድ አጀማመር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብሬድቦርድ (ቃል በቃል «የዳቦ ሰሌዳ») የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን እያገናኙ ለመሞከር የሚያገለግል ሰሌዳ ነው።

«ብሬድቦርድ ከመነሻው ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ ነበር።»

አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሬዲዮ በራሳቸው እጅ የሚሠሩ አሜሪካውያን፣ ለዳቦ መቁረጫ የሚያገለግለውን የእንጨት ሰሌዳ ከወጥ ቤት አምጥተው፣ ዕቃዎቹን በብሎንና በምስማር እያሰሩ በሽቦ ያገናኙ ነበር። ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በዚያ ላይ የዘመኑ ቫኪዩም ቱቦዎች (የሬዲዮ ሞገድ የሚያጎሉ አምፖል መሰል ክፍሎች) እና የሽቦ ጥቅልሎች ግዙፍ ስለነበሩ ሰፊና ጠንካራ መደብ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ምርጫው ከችግር ብቻ የመጣ አልነበረም።

«የእንጨቱ ሰሌዳ የጀማሪዎች መለማመጃ ብቻ ነበር።»

ይህ አባባል የዘመኑን ሙያ ያሳንሳል። የፊላደልፊያው አትዋተር ኬንት ኩባንያ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ክፍሎቻቸው ሁሉ በግልጽ የሚታዩና በተወለወለ እንጨት ላይ የተደረደሩ ሬዲዮዎችን ያለ ሳጥን ለገበያ ያቀርብ ነበር።

«ከእንጨት በቀጥታ ወደ ፕላስቲክ ተሻገረ።»

በመካከሉ ሌሎች ዘዴዎች ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ ትይዩ የመዳብ መስመሮች ያሉትና ብየዳ የሚያስፈልገው የእንግሊዝ ቬሮቦርድ ነው።

«የዛሬውን ብሬድቦርድ የፈጠረው አንድ ሰው ነው።»

ብዙ ጊዜ የሚጠራው ስም በኮነቲከት ግዛት ይገኝ የነበረው የኢ ኤንድ ኤል ኢንስትሩመንትስ ባልደረባ ሮናልድ ፖርቱጋል ሲሆን፣ በ1971 አመልክቶ በ1973 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አግኝቷል። ሆኖም የእርሱ ፓተንት የሚያስከብረው የሰሌዳውን ቅርጽ እንጂ አሠራሩን አልነበረም። የዴቭራይ ቴክኒካል ኢንስቲትዩቱ ኦርቪል ቶምፕሰን፣ በረድፍ የተደረደሩ ቀዳዳዎችን ከሥር በብረት ስፕሪንግ ለሚያገናኝ፣ ብየዳ ለማይፈልግ ሰሌዳ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1960፣ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር።

በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ስሞች ይልቅ ትኩረት የሚገባው በመካከላቸው የተከሰተው ነገር ነው። በ1964 ፌርቻይልድ ኩባንያ እግሮቹ በሁለት ረድፍ የተሰለፉ የአይሲ (ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን በአንድ ላይ የያዘ ትንሽ ቺፕ) ማቀፊያ ሠራ፤ በአንድ ረድፍ ባሉ አጎራባች እግሮች መካከል ያለው ርቀት 2.54 ሚሊሜትር፣ በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ደግሞ 7.62 ሚሊሜትር ነበር። የዛሬው ብሬድቦርድ የቀዳዳ ርቀት ከዚህ ልክ ጋር ይገጥማል። መሐል ለመሐል የሚያልፈው ቦይም ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ አይሲው ቦዩን ተሻግሮ ሲቀመጥ ፊት ለፊት ያሉት እግሮች በአንድ የብረት ስፕሪንግ ላይ አያርፉም፤ ስለዚህም እርስ በርስ ሳይገናኙ እያንዳንዱ እግር ለብቻው ሽቦ የሚቀበልበት ቀዳዳ ያገኛል።