ሬቲንግ ምንድን ነው? ናሩቶ የማይመራው ሰንጠረዥ

ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ፊልም በፍላሽ የሚጭን አንድ ሱቅ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት የእህቴን ልጅ ይዤ ስገባ ሦስት ጎረምሶች ባንኮኒውን ተደግፈው ስለ አኒሜ፣ ስለ ጃፓን ካርቱን ማለት ነው፣ ይከራከራሉ። አንዱ "ጃፓን ውስጥ በሬቲንግ አንደኛው ናሩቶ ነው" ይላል። ሌላው "ዋን ፒስ ነው እንጂ!" ይለዋል። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ አታክ ኦን ታይታን 9 ነጥብ ምናምን ማግኘቱን ያሳያል። የእህቴ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና "አጎቴ፣ ሬቲንግ ግን ምንድን ነው?" አለችኝ። ባንኮኒ ላይ ተቁሞ የሚያልቅ መልስ ስላልሆነ ቤት ገብቼ ጻፍኩት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስልኩ ላይ የታየውን ወደ ጎን እናድርገው። 9 ነጥብ ምናምን ማለት ያዩት ሰዎች ከ10 የሰጡት ማርክ አማካይ ነው። ምን ያህል እንደወደዱት ይናገራል፤ ስንት ሰው እንዳየው ግን አይናገርም። የቴሌቪዥን ሬቲንግ ማርክ ሳይሆን ቆጠራ ነው። ቴሌቪዥን ካላቸው ቤቶች ከመቶው ስንቱ በዚያ ሰዓት ያንን ጣቢያ ከፍቶ ነበር? የዚህ ጥያቄ መልስ ነው ሬቲንግ።

እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ቴሌቪዥን ያላቸው 100 ቤቶች አሉ እንበል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 60ዎቹ ከፍተዋል፤ ከ60ዎቹ ደግሞ 15ቱ አንድ ተከታታይ ድራማ ያያሉ። የድራማው ሬቲንግ 15 በመቶ ነው፤ የተዘጋውም ቤት በስሌቱ ውስጥ ይቆጠራላ። የተከፈቱትን 60 ቤቶች ብቻ ይዘን ብናካፍል ግን 25 በመቶ ይመጣል፤ ይህኛው ሼር ይባላል። መብራት ግማሽ ሰፈር ላይ በጠፋበት ምሽት ሬቲንጉ ያሽቆለቁላል፣ ሼሩ ግን ንቅንቅ ላይል ይችላል። ስለዚህ አንድ ጣቢያ "ከተመልካቹ ሩቡ የኔ ነው" ሲል የትኛውን ቁጥር እንደያዘ ሳይጠይቁ ማመን አይገባም።

ቤቶቹ ሁሉ ታይተው ነው ወይ የሚቆጠረው? አይደለም። ጅማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ ቡና ያውቃልና። መኪና ሙሉ ቡና ሲገባ ደረጃ የሚያወጡት ባለሙያዎች ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፉም። ከዚህም ከዚያም ወግተው ናሙና ያወጣሉ፣ ያደባልቃሉ፣ እንከኑን ይለቅማሉ፣ ቆልተው ይቀምሳሉ። ከላይ የተጫነውን ጆንያ ብቻ የወጋ ሰው በቀላሉ ይታለላል፤ ከላይ ያለው ሆን ተብሎ የተመረጠ ሊሆን ይችላል። ቁም ነገሩ የናሙናው ማነስ ሳይሆን ከየቦታው ያለ አድልዎ መወሰዱ ነው። ሬቲንግም እንዲሁ ነው፤ ቃሉ እንኳ ያው ናሙና ነው።

ጃፓን ውስጥ ይህን የሚሠራው በ1962 የተቋቋመው ቪዲዮ ሪሰርች የሚባል ድርጅት ነው። ቶኪዮና ዙሪያዋን በያዘው በካንቶ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት አለ፤ ድርጅቱ ግን ለረጅም ዓመታት የሚለካው 600 ቤት ብቻ ነበር። በ2016 ወደ 900፣ በ2020 ደግሞ ወደ 2,700 አሳደገው። 600 ቤት ሲባል የሚስቅ ሰው አጋጥሞኛል። ነገር ግን በአግባቡ የተመረጠ 600 ቤት ብዙ ይናገራል፤ ችግሩ ምን ያህል በእርግጠኝነት እንደሚናገር ነው። በ600 ቤት 20 በመቶ የተባለ ፕሮግራም እውነተኛው ቁጥሩ ከ17 እስከ 23 አካባቢ የትም ሊሆን ይችላል። በ2,700 ቤት ሲሆን ከ18 ተኩል እስከ 21 ተኩል ይጠባል። እንግዲህ "ያኛው አኒሜ 7.2 አገኘ፣ ይኼኛው 6.9፣ ተሸነፈ!" የሚለው ክርክር ከንቱ ነው። የናሙናው ስህተት ከልዩነቱ ይበልጣል።

ቆጠራው የሚካሄደው በተመረጡት ቤቶች ቴሌቪዥን ላይ በሚገጠም መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ረጅም ታሪክ አለው። አሜሪካዊው አርተር ኒልሰን ሬዲዮ የትኛው ጣቢያ ላይ እንደተከፈተ የሚመዘግብ መሣሪያ መብቱን በ1936 ከሁለት መምህራን ገዛ፤ በ1950 ቴሌቪዥንን መለካት ጀመረ። ያ መሣሪያ የሚያውቀው ቴሌቪዥኑን ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ሰው ማድቤት ቢሆንም፣ ሰባት ሰው ተደርድሮ ቢያይም አንድ ቤት ብሎ ይቆጥራል። ይህን ጉድለት ለመሙላት የመጣው እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱ ቁልፍ ያለው መሣሪያ ነው፤ ለማየት ሲቀመጥ ይጫናል፣ ሲነሣ ያጠፋል። አሜሪካ በ1987፣ ካንቶ በ1997 ጀመሩት። ከዚያ ወዲህ ነው "ስንት ቤት" ብቻ ሳይሆን "በስንት ዓመት ያለ ሰው" ብሎ መጠየቅ የተቻለው። የማስታወቂያ ዋጋ የሚተመነው በዚሁ ቁጥር ስለሆነ አንዲት ነጥብ ገንዘብ ናት።

ገንዘብ ባለበት ደግሞ ማጭበርበር አይጠፋም። በ2003 አንድ የጃፓን ጣቢያ ፕሮዲዩሰር መርማሪዎች ቀጥሮ መሣሪያው የተገጠመባቸውን ቤቶች ካፈላለገ በኋላ የራሱን ፕሮግራም እንዲያዩለት ገንዘብ ማደሉ ተጋለጠ። በ600 ቤት ናሙና ስድስት ቤት ማለት አንድ ሙሉ ነጥብ ነው። የተመረጡ ቤቶች ማንነት በምስጢር የሚያዘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ክርክር። ጃፓን ውስጥ የአኒሜ ሬቲንግ ሰንጠረዥ በየሳምንቱ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ለዓመታት የተቀመጠው ናሩቶም ዋን ፒስም አይደለም። ሳዛኤ-ሳን ነው። ጅማ ውስጥ ስሙን የሰማ ልጅ እስካሁን አላገኘሁም። ከጥቅምት 1969 ጀምሮ በፉጂ ቴሌቪዥን እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚታይ፣ ስለ አንዲት የቤት እመቤትና ስለ ቤተሰቧ የሚያወራ ነው፤ ሰይፍ የለ፣ ጭራቅ የለ። አያት፣ እናት፣ ልጅ እራት ሲቀርብ አብረው ያዩታል። በመስከረም 1979 ሬቲንጉ 39.4 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ የበለጠው ሌላው የቤተሰብ ታሪክ ቺቢ ማሩኮ-ቻን ነው፤ ጥቅምት 28 ቀን 1990 በካንቶ 39.9 በመቶ አገኘ። ከዚያ ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ በ1963 የጀመረው አስትሮ ቦይ በ1964 መጀመሪያ 40.3 በመቶ ደርሷል።

እነዚህ ቁጥሮች አስገራሚ ናቸው፤ ግን የመጡበትን ዘመን አብረን እንይ። ሳሎን ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን፣ ጥቂት ጣቢያ፣ ሁሉም ሰው እቤቱ። ዛሬ ሳዛኤ-ሳን ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በታች እያገኘ እንኳ ሰንጠረዡን ይመራል። የአኒሜ ፍቅር አልቀነሰም፤ የቀነሰው በቀጥታ ሥርጭት ሳሎን ተሰብስቦ ማየት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚመስጠኝ ሬቲንግ ጥሏቸው ሕዝብ ያነሣቸው ናቸው። ስፔስ ባትልሺፕ ያማቶ በጥቅምት 1974 ሲጀምር፣ በዚያው እሑድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በሌላ ጣቢያ የአልፕስ ተራራዋ ልጅ የሃይዲ ታሪክ ይታይ ነበር። ቤተሰቡ ሃይዲን መረጠ፤ ያማቶ 39 ክፍል ሊሆን ታስቦ በ26 ተቆረጠ። በ1977 ተቀናብሮ ሲኒማ ሲገባ ግን ወጣቶች ሌሊቱን ተሰልፈው አደሩለት። የጋንዳምም ዕጣ ተመሳሳይ ነው። በ1979 ጀምሮ ከታሰበው 52 ክፍል በ43 አስቆሙት፤ ከዚያ ድጋሚ ሲታይና የፕላስቲክ መገጣጠሚያ አሻንጉሊቱ በ1980 ገበያ ሲወጣ አገር አጥለቀለቀ። ለያማቶ ሌሊቱን የተሰለፈው ወጣት እሑድ ማታ ቤቱ ነበረ፤ ግን ሳሎን ያለችው ቴሌቪዥን አንድ ናት፣ የሚቆጠረውም ቤቱ ነው። ታናሽ እህቱ ሃይዲን ካለች ሃይዲ ናት። የእሱን ፍቅር መሣሪያው የሚመዘግብበት መንገድ አልነበረውም።

ናሩቶም በ2002 የጀመረው ከትልልቆቹ የግል ጣቢያዎች አነስተኛ በሆነው በቴሌቪዥን ቶኪዮ ነው። ዋን ፒስ ደግሞ በ2006 ከምሽት ተነሥቶ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹ ብዙዎቹ የእኩለ ሌሊት አኒሜ የሚባሉት ናቸው። የጃፓን የፕሮግራም ዝርዝር እኩለ ሌሊትን 24 ብሎ ቆጠራውን ስለሚቀጥል ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩልን 25:30 ብሎ ይጽፈዋል፤ ቀኑ የሚያልቀው ተመልካቹ ሲተኛ ነው እንደማለት። (ሰዓትን በራሳችን መንገድ ለምንቆጥር ለእኛ ይህ ብዙም አይደንቅም።) በዚያ ሰዓት ሁለት በመቶ ማግኘት ጥሩ ነው። አዘጋጆቹም ተስፋቸውን ሬቲንግ ላይ አይጥሉም፤ አሳታሚው፣ የሙዚቃ ድርጅቱ፣ አሻንጉሊት ሠሪው ገንዘብ አዋጥተው ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ የአየር ሰዓቱን ይገዛሉ፣ ከዲስክ፣ ከዕቃ ሽያጭና ከውጭ አገር መብት ይመልሱታል። ዲመን ስሌየር በ2019 የጀመረው በዚህ መንገድ ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ፊልሙ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቶ በጃፓን የሲኒማ ታሪክ አንደኛ ሆነ። የሬቲንግ ሰንጠረዥ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህ ሲመጣ አላየውም።

እኛስ? እኔ ልጅ ሳለሁ ቆጪ ሰፈር ዲሽ የነበረው አንድ ቤት ነው። በ2000 የተከፈተውን የዐረብኛ የካርቱን ጣቢያ፣ ስፔስቱንን፣ ለማየት አሥር አሥራ አምስት ልጅ በር ላይ ጫማችንን አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደረደር ነበር። የ1983ቱ የጃፓን ኳስ ተጫዋች ልጅ ካፕቴን ፁባሳ በዐረብኛው ካፕቴን ማጂድ ተብሏል፤ እኛም በዚያው ስም ነበር የምናውቀው። ቁርኣን ቤት የሚማሩት ልጆች ቃል እየለቀሙ ይተረጉሙልን ነበር፣ ሌላው ከምስሉ ይረዳል። የዲሽ ሳህን ይቀበላል እንጂ አይልክም፤ ጅማ ላይ አሥራ አምስት ልጅ ትንፋሹን ውጦ እንዳየ ጣቢያው በምን ያውቃል? ቢለካም እንኳ የምንቆጠረው አንድ ቤት ሆነን ነበር።

ዛሬ ደግሞ ቤቱም ቀርቷል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዶርም ውስጥ ሙሉ ሲዝን በዜንደር ከጓደኛው ይቀበላል፤ ታናሹ በቴሌግራም ያወርዳል፤ ኢንተርኔት የሌለው ፍላሹን ይዞ መርካቶ ይሄዳል። ኳስ በዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቆ የሚያየውን ሰው ሬቲንግ ለብዙ ዘመን አልቆጠረውም፤ ኒልሰን ራሱ አሜሪካ ውስጥ ከቤት ውጭ የሚታየውን በመደበኛው ቁጥር ያካተተው በ2020 ነው። እኔም የሬቲንግ መሣሪያ የተገጠመለት ቤት ጅማ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚቀረው መንገድ ሰውን መጠየቅ ነው፤ ይህም የራሱ ጣጣ አለው። "ብዙ ጊዜ ምን ታያለህ?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው "ዜና" ይላል። ስሙ የታወቀ ጣቢያም ሰው ባያየው እንኳ ይጠራል።

የሱቁን ባለቤት ከሁሉ የበለጠ ምን እንደሚጭን ጠየቅኩት። ሳያመነታ የናሩቶን ፎልደር ከፈተልኝ። የእሱን መልስ አልንቅም፤ ስለ ሰፈሩ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን እሱ የሚያየው ፍላሽ ይዞ የሚመጣውን ልጅ ነው። ናሩቶ 720 ክፍል ስለሆነ በኢንተርኔት ማውረዱ ውድ ነው፣ ስለዚህ ወደ እሱ ይመጣል፤ አጭሩን አኒሜ በስልኩ የሚያወርደው ልጅ ደጃፉን አይረግጥም። ይህ ከላይ የተጫነውን ጆንያ ብቻ እንደመውጋት ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት "ታዲያ እኛ ለምን አንቆጥርም?" አለች። ይቻላል። ከመንቲና፣ ከጅሬን፣ ከቦሳ፣ ከቆጪ የቤት ዝርዝር ይዞ በዕጣ ማውጣት፤ ደስ ያለንን በር ብቻ አለማንኳኳት። የተዘጋ በር ሲያጋጥም ጎረቤቱን ከመተካት ማታ ተመልሶ መሄድ፤ ቀን ቤቱ የማይገኘውና ቀን የሚገኘው አንድ ዓይነት ነገር አያዩም። በሥራ ቀንም በእሑድም መጠየቅ። በቤቱ ያለውን ሰው ሁሉ በየስሙ መጠየቅ፤ አባት ስለ ልጁ ስልክ አይመልስም። ጥያቄውም "ምን ትወዳለህ?" አይሁን። "ትናንት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ምን አየህ? በምን ላይ? ከማን ጋር?" ይሁን። እሷ የመጀመሪያውን ቅጽ በደብተሯ ላይ አስምራ ጨርሳለች፤ "በምን ላይ" ከሚለው ሥር ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ "ጎረቤት ቤት" ብላ አራት ሣጥን ሠርታለች።