የፋን ፊክሽን ሰመሪ ምንድን ነው?

«ጥሩ ሰመሪ ገጸ ባሕርያቱን በደንብ ያስተዋውቃል፣ ታሪኩን ግን አይነካም።» ስለ ሰመሪ፣ ከታሪክ ርዕስ ሥር ስለምትቀመጠው አጭር ማስተዋወቂያ፣ ይህን ምክር ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ በሙሉ ልብ ሲለግስ አየሁ። ለመጽሐፍ የጀርባ ሽፋን ከሆነ ይሁን። ለፋን ፊክሽን፣ አድናቂዎች በሚወዱት ሥራ ገጸ ባሕርያት ለሚጽፉት ታሪክ፣ ግን ውሃ አያነሳም።

«ሼርሎክ ሆልምስ ለንደን፣ ቤከር ጎዳና የሚኖር ብልህ መርማሪ ነው» ብላችሁ ከጀመራችሁ አለቀላችሁ። አንባቢው እዚያ የመጣው ሆልምስን ስለሚያውቀው ነው። የማያውቀው የእናንተን ሆልምስ ነው። ከርዕሱ ሥር የምትቀመጠው ያቺ አጭር ጽሑፍ ሥራዋ፣ ታሪካችሁ ከዋናው የት ጋ እንደሚገነጠል መናገር ነው።

ኮናን ዶይል ሆልምስን እ.ኤ.አ. በ1893 ፏፏቴ ላይ ገደለው፣ በ1903 ደግሞ መለሰው፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ያለፈው ሦስት ዓመት ነው። ጓደኛው ዋትሰን ሲያየው ራሱን ይስታል፤ ከዚያ ወዲያው ይቅር ይለዋል። አሁን ይህን ሰመሪ እዩ፦ «ሆልምስ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመለስ ዋትሰን በሩን አልከፈተለትም።» በቃ፣ እኔ ገብቻለሁ። «ሆልምስ ተመልሷል። ምን ይፈጠር ይሆን?» የሚለው ግን ምንም አልነገረኝም። እኔ ምን አውቄ!

ሰመሪ የታክሲ ረዳት ነው። «ሳሪስ! ሳሪስ!» ይላል፤ ፌርማታዎቹን አንድ በአንድ አይቆጥርም። «ግቡና የት እንደምንሄድ ታያላችሁ» ቢል ማን ይገባለታል? ታጎቹ፣ ማለትም የታሪኩን ዓይነትና ገጸ ባሕርያት የሚዘረዝሩት ምልክት ቃላት፣ ደግሞ ታፔላው ናቸው። ታፔላው ላይ ያለውን ለምን ትደግማላችሁ? እርግጥ ረዳትም የሚጮኸው ታፔላውን ነው፤ ምሳሌዬ እዚህ ጋ ትንሽ ያነክሳል። ግን ጎበዝ ረዳት «በቀለበት!» ብሎ ይጨምራል። እኔ የምፈልገው እሷን «በቀለበት» ነው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኼ ነው፦ «ሰመሪ አልችልበትም፣ ታሪኩ ግን ጥሩ ነው፣ ፕሊስ አንብቡልኝ።» ትሕትና ይመስላቸዋል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ያቃተው ሰው ሃያ ምዕራፍ ይወጣዋል ብዬ ለምን ልመን? መኪናዋ ትነሳ እንደሆነ እርግጠኛ ያልሆነ ረዳት ማለት ነው።

«መጨረሻውን ታበላሻለህ» የሚሉኝም አሉ። ፋን ፊክሽን አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚፈልገውን ለይቶ ነው የሚመጣው። ሁለቱ እንደሚታረቁ ቢያውቅም እንዴት የሚለውን ለማየት ያነባል። የወንጀል ምርመራ ከጻፋችሁ ግን ገዳዩን አትንገሩኝ፣ አደራ።

ርዝመትን በተመለከተ፣ አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን የተባለው የፋን ፊክሽን ድረ ገጽ እስከ 1,250 ፊደል ይፈቅዳል። ተፈቀደ ተብሎ አይሞላም። ድራብል የሚባለው አጭር ታሪክ ልክ 100 ቃል ነው፤ ከታሪኩ የረዘመ ሰመሪ ያለው ድራብል ግን አይቻለሁ። ከታሪኩ ቀንጭቦ መለጠፍም ይቻላል፣ የተቀነጨበው መገንጠያው ያለበት መስመር ከሆነ። የአየር ሁኔታ መግለጫ ከሆነ ይቅር።

የፊደል ስሕተት ደግሞ ምዕራፍ አሥር ላይ ቢሆን አልፈዋለሁ። ሰመሪው ላይ የዋትሰን ስም ሁለት ዓይነት ተጽፎ ካየሁ ግን ወደሚቀጥለው ታሪክ ነው የምሄደው።