ቢ ኢ ኢ ምንድን ነው? የደቡብ አፍሪካ የኮንስትራክሽን ጨረታ ነጥብ አሰጣጥ

በደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ጨረታ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ተቋራጭ ሁልጊዜ አያሸንፍም። ከዋጋው ጎን፣ ድርጅቱ በአፓርታይድ ዘመን ከኢኮኖሚው ተገፍተው ለኖሩ ዜጎች ምን ያህል ድርሻ፣ ሥልጣንና ሥራ እንደሰጠ ይመዘናል። መመዘኛው በተለምዶ ቢ ኢ ኢ ይባላል፤ ሙሉ ስሙ ሰፊ መሠረት ያለው የጥቁሮች ኢኮኖሚያዊ አቅም ግንባታ ነው። የሚመራው በ2003 በወጣው አዋጅ ቁጥር 53 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኮንስትራክሽን ዘርፍ የራሱ ኮድ አለው፤ መጀመሪያ በ2009 ወጣ፣ ተሻሽሎ ደግሞ በታኅሣሥ 2017። ዋና ሥራው ግንባታ የሆነ ድርጅት የሚለካው በዚህ ኮድ እንጂ በአጠቃላዩ አይደለም።

ብዙ ሰው ኮታ ይመስለዋል። አይደለም፤ ጥቁር ባለድርሻ የሌለውን ተቋራጭ ከሥራ የሚያግድ አንቀጽ በአዋጁ ውስጥ የለም። ግዴታው የሚመጣው በገበያው በኩል ነው። የመንግሥት ሥራ የሚፈልግ ትልቅ ተቋራጭ ነጥቡ የሚያድገው ጥሩ ደረጃ ካላቸው አቅራቢዎች ሲገዛ ስለሆነ፣ ጠጠር ሻጩንም ስካፎልዲንግ አከራዩንም የምስክር ወረቀት አምጡ ይላቸዋል። የመንግሥትን ጨረታ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ነጋዴ ሳይቀር በዚህ መንገድ ይነካል።

ነጥቡ ከአምስት ቦታ ይሰበሰባል፦ ባለቤትነት፣ የአመራር ቦታ፣ የሙያ ሥልጠና፣ የአቅራቢዎችና የአነስተኛ ድርጅቶች ልማት፣ እና ማኅበራዊ ድጋፍ። በአጠቃላዩ ኮድ 100 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 1 ሲሆን፣ 80 ያገኘ ደረጃ 4 ነው፤ ከ40 በታች የሆነ ደረጃ የለውም። ደረጃ 1 ከሆነ አቅራቢ የተገዛ የ100 ራንድ ዕቃ ለገዢው 135 ራንድ ሆኖ ይቆጠርለታል፤ ከደረጃ 8 ከተገዛ ግን 10 ራንድ ብቻ። ተቋራጮች አቅራቢ የሚቀያይሩት ለዚህ ነው።

አስቸጋሪው ባለቤትነት ነው። በመጀመሪያ፣ ድርሻ በሰንሰለት ሲያዝ እየተባዛ ያንሳል፦ ጥቁር ባለሀብት 60 በመቶ የያዘበት ኩባንያ በተቋራጩ ውስጥ 50 በመቶ ቢኖረው፣ የሚቆጠረው 30 በመቶ ነው። ሁለተኛ፣ ድርሻው በብድር ከተገዛ የተጣራ ዋጋ የሚባለው ስሌት ዕዳውን ከድርሻው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። በአጠቃላዩ ኮድ ከ25ቱ የባለቤትነት ነጥቦች 8ቱ የዚህ ናቸው፤ ከ3.2 በታች ያገኘ ድርጅት አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። በብድር የተያዘ አክሲዮን ዋጋው ሲወርድ ዕዳው ግን ባለበት ይቆያል፤ ድርጅቱ ምንም ሳያጠፋ ደረጃው ይወርዳል። የግንባታ ኩባንያዎች አክሲዮን ከ2010ሩ የዓለም ዋንጫ በኋላ ባሽቆለቆለበት ዘመን ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

ጥቁር የሚባለው ማን እንደሆነ ጆሃንስበርግ ውስጥ ኢትዮጵያውያን በሚነግዱበት በጄፒ አካባቢ ያለ ወገን በተለይ ሊያውቀው ይገባል። ሕጉ አፍሪካውያንን፣ ከለርዶችንና (ቅይጥ ዘር ያላቸውን) ሕንዶችን ይጨምራል፤ ከ2008 የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ቻይናውያንን። ነገር ግን ሰውየው በልደት ወይም በትውልድ ዜጋ መሆን አለበት፤ አለዚያም ዜግነቱን ከሚያዝያ 27 ቀን 1994 በፊት ያገኘ፣ ወይም አፓርታይድ ባይከለክለው ኖሮ ከዚያ በፊት ማግኘት ይችል የነበረ። በ2000ዎቹ ገብቶ ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የቆዳው ቀለም ምንም ሆነ ምን በዚህ ሕግ ጥቁር አይደለም። እሱ ብቻውን የያዘው ድርጅት የጥቁር ባለቤትነት ነጥብ አያገኝም።

አሁን ወደ ጨረታው ሒሳብ። ከ50 ሚሊዮን ራንድ በታች ለሆነ ሥራ 80 ነጥብ ለዋጋ፣ 20 ለሌላው ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ 90 እና 10 ነው። የዋጋ ነጥብ የሚሰላው ከዝቅተኛው ዋጋ ምን ያህል በመቶ እንደተወደደ ታይቶ ነው። አንድ ደረጃ የሌለው ተቋራጭ 20 ሚሊዮን ቢያቀርብ 80 ሲደመር 0፣ 80 ያገኛል። ደረጃ 1 ያለው ተፎካካሪ 21 ሚሊዮን ቢያቀርብ 5 በመቶ ስለተወደደ 76 ሲደመር 20፣ 96 አግኝቶ ይወስዳል። 25 ሚሊዮን ቢል ግን 60 ሲደመር 20 ሆኖ እኩል ይወጣሉ። ስለዚህ የደረጃ 1 ሙሉ ጥቅም በዚህ ስሌት ከ25 በመቶ የዋጋ ልዩነት አያልፍም፤ በትልልቅ ሥራ ደግሞ 11 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል። ከ50 ሚሊዮን በታች በሆነው ሥራ ተፎካካሪው ደረጃ 4 ከሆነ 12 ነጥብ ስለሚያገኝ፣ የደረጃ 1 ብልጫ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ይህ የደረጃ ሠንጠረዥ የ2017ቱ ደንብ ነው። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ደንቡን በየካቲት 2022 ከሻረ በኋላ፣ ከጥር 2023 ጀምሮ 20ዎቹን ወይም 10ሩን ነጥብ በምን ላይ እንደሚያውል እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ ይወስናል። ሰነዱን ሳያነብ በድሮው ሠንጠረዥ ዋጋ የሚያሰላ ተቋራጭ ይሳሳታል።

የቢ ኢ ኢ ደረጃ ብቻውን ጨረታ አያስገባም። የኮንስትራክሽን ኢንዱስትሪ ልማት ቦርድ ተቋራጮችን በሌላ የራሱ ደረጃ ከ1 እስከ 9 ይመዘግባል፤ 5ኛ ደረጃ እስከ 10 ሚሊዮን፣ 7ኛ እስከ 60 ሚሊዮን ራንድ የሚያወጣ ሥራ ሲወስድ 9ኛው ገደብ የለውም። ትንሹ ጥቁር ተቋራጭ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ ወደ ላይ ለመውጣት የተሠራ ሥራና ገንዘብ ይጠየቃል፣ ሥራውን ለማግኘት ደግሞ ደረጃው። የቢ ኢ ኢ የምስክር ወረቀቱም የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዓመታዊ ገቢው ከ3 ሚሊዮን ራንድ በታች የሆነ ተቋራጭ በቃለ መሐላ ይጨርሰዋል፤ ሌላው በአጣሪ ድርጅት ይለካል።

ማጭበርበሩ ፍሮንቲንግ ይባላል። ሹፌሩ ወይም ጽሕፈት ቤት ጠራጊው በወረቀት 51 በመቶ ይይዛል፤ የባንክ ፊርማው የሌላ ነው፣ የትርፍ ክፍያ አይደርሰውም፣ የጨረታውን ዋጋ ማን እንዳወጣው አያውቅም። ከ2013ቱ ማሻሻያ ወዲህ ወንጀል ነው፦ እስከ 10 ዓመት እስር፣ ለድርጅት ደግሞ ከዓመታዊ ገቢው እስከ 10 በመቶ ቅጣት።

መንግሥት በሌላ በርም ሞክሯል። በ2013 አሥራ አምስት ተቋራጮች የጨረታ ዋጋ ተስማምተው በማቅረባቸው 1.46 ቢሊዮን ራንድ ተቀጡ። በ2016 ሰባት ትልልቅ ኩባንያዎች 1.5 ቢሊዮን ራንድ በ12 ዓመት ለመክፈል ተስማሙ፤ በተጨማሪም ወይ 40 በመቶ ለጥቁሮች መሸጥ፣ ወይ እስከ ሦስት ታዳጊ ተቋራጮችን በሰባት ዓመት ውስጥ አሠልጥኖ የታዳጊዎቹን ድምር ገቢ ከአሠልጣኙ ኩባንያ ገቢ 25 በመቶ ላይ ማድረስ ነበረባቸው። ከሰባቱ ባዚል ሪድ በ2018፣ ግሩፕ ፋይቭ በ2019 በኪሳራ አፋፍ የድርጅት ማዳን ሂደት ገቡ።

ሳይት ላይ ያለው ትልቁ ጠብ ግን 30 በመቶ የሚለው ቁጥር ነው። የ2017ቱ ደንብ ከ30 ሚሊዮን ራንድ በላይ በሆነ ሥራ፣ የሚቻል ሲሆን፣ ቢያንስ 30 በመቶ ለተለዩ ቡድኖች በንዑስ ተቋራጭነት እንዲሰጥ ይል ነበር። ዕድሉን መስጠት ያለበት ጨረታ አውጪው ነበር፤ አንቀጹ ለአካባቢ ሰው የሚታደል ገንዘብ አልነበረም። ሆኖም የታጠቁ ቡድኖች ሳይት እየገቡ 30 በመቶ አምጡ ማለት ጀመሩ፤ በምሥራቅ ኬፕ የምቴንቱ ድልድይን የያዘው ጥምረት በ2019 ሥራውን ጥሎ ወጣ። ደንቡ ከተሻረ በኋላም ጥያቄው ሳይት ላይ ቀጥሏል። ተቋራጭ ሊያደርገው የሚችለው ለንዑስ ተቋራጭ የሚሰጠውን ሥራ በዝርዝር ለይቶ፣ መምረጫ መስፈርቱንና ክፍያውን ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው።