የማኅበራዊ ድጎማ ማጭበርበር፦ የመጠኑ ክርክርና ማስረጃው

ድጎማ ማጭበርበር የሚባለው ተጠቃሚው ገቢውን፣ ቁጠባውን ወይም አብሮት የሚኖረውን ሰው ሆን ብሎ ደብቆ የማይገባውን ክፍያ ሲወስድ ነው። ለውጥ ማሳወቅ የረሳ ተጠቃሚም ሆነ ሒሳብ ያሳሳተ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ያለአግባብ ክፍያ ያስከትላሉ። ክርክሩ የሚከረው ሦስቱ በአንድ ቁጥር ሲጨፈለቁ ነው።

ጥቆማ የሚለካው ጥርጣሬን እንጂ ጥፋትን አይደለም። የፍርድ ቤት ውሳኔ የተያዙትን ብቻ ያሳያል፤ መርማሪ ሲጨመር ቁጥሩም ይጨምራል። የሚያስተማምነው በዕጣ የተመረጡ ፋይሎችን ከሥር መሠረታቸው መመርመር ነው።

በዚህ ሥራ የብሪታንያ የሥራና ጡረታ ሚኒስቴር ዓመታዊ ግምት ሊመሰገን የሚገባው ዝርዝር አለው። መርማሪዎቹ ናሙና ውስጥ የገባውን ተጠቃሚ ያነጋግራሉ፤ የባንክ መግለጫ፣ የደመወዝ ሰነድና የኪራይ ውል ያገናዝባሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በወጣው ግምት፣ በ2023/24 የበጀት ዓመት ያለአግባብ የተከፈለው 9.7 ቢሊዮን ፓውንድ፣ ከጠቅላላው ወጪ 3.7 በመቶ ነበር። ከዚህ ውስጥ ማጭበርበር 2.8፣ የተጠቃሚ ስህተት 0.6፣ የመሥሪያ ቤቱ ስህተት 0.3 በመቶ ይዘዋል። ለተጠቃሚዎች ሳይከፈል የቀረው 1.1 ቢሊዮን ፓውንድ ግን እምብዛም አይነሳም። ግምቱ አንድ ደካማ ጎን አለው፦ ለምርመራው ምላሽ ሳይሰጥ ድጎማው የተቋረጠበት ሰው ብዙውን ጊዜ በአጭበርባሪነት ይቆጠራል። ዝም ያለው አጭበርባሪ ስለሆነ ይሁን ስለታመመ ወይም ስለፈራ፣ ፋይሉ ብቻውን አይመልስም።

በአሜሪካ የምግብ ድጎማ የ2023 የክፍያ ስህተት 11.68 በመቶ ነው። ይህ ከሚገባው በላይ የተከፈለውን 10.03 እና ያነሰውን 1.64 በመቶ የደመረ ቁጥር ነው፤ የማጭበርበር መጠን አድርጎ መጥቀስ ስህተት ነው።

የአውስትራሊያው «ሮቦዴት»፣ ማለትም የድጎማ ዕዳን በኮምፒውተር አስልቶ ያስከፍል የነበረው አሠራር፣ ደካማ ማስረጃ ምን እንደሚያደርስ ያሳያል። የዓመቱ ገቢ ለ26 የሁለት ሳምንት ጊዜያት እኩል ይካፈል ነበር። ለ13ቱ በየጊዜው 2,000 ዶላር ያገኘና በቀሩት 13 ሥራ ፈት የነበረ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ 1,000 ዶላር እንዳገኘ ተቆጥሮ፣ በሕጋዊ መንገድ የወሰደው ድጎማ ዕዳ ይሆንበታል። ሥራ ፈት የነበረበትን ጊዜ የሚያሳይ የቆየ የደመወዝ ሰነድ ፈልጎ የማቅረቡ ሸክም የሚወድቀውም በእሱ ላይ ነበር። መንግሥት በ2019 አሠራሩ ሕገወጥ መሆኑን በፍርድ ቤት አመነ፤ በ2023 ጉዳዩን የመረመረው የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ወጣ። በኔዘርላንድስም በርካታ ወላጆች በሕፃናት መዋያ ድጎማ ያለአግባብ በአጭበርባሪነት በመፈረጃቸው በጥር 2021 ካቢኔው ሥልጣን ለቀቀ።