ጂን በጉልበት፦ ያለ ቫይረስ ወደ ሕያው ሕዋስ የማስገቢያ መንገዶች

አራት ኪሎ ካምፓስ ያለ መታወቂያ ለመግባት ሞክሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ርዕስ ግማሹን ተረድቶታል። በሩ ላይ ጥበቃ አለ። እሱን ቢያልፉ እንኳ ላቦራቶሪው የራሱ ቁልፍ አለው። ሕዋስም እንደዚያ ነው። ከውጭ 5 ናኖሜትር ገደማ የምትሆን ስስ የቅባት ሽፋን አለችው። ከውስጥ ደግሞ ኒውክለሱ ሌላ ሽፋን አለው። ጂን የተጻፈበት ዲኤንኤ ግዙፍ ሞለኪውል ነው፤ ነጌቲቭ ቻርጅ ተሸክሟል። የሕዋሱም ገጽ ነጌቲቭ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ይገፋፋሉ።

ቫይረስ በፎርጅድ መታወቂያ የሚገባ ነው ማለት ይቻላል። የጂን ሕክምና፣ ማለትም በሽታን ለማከም ጂን ወደ ሕዋስ ማስገባት፣ በአብዛኛው ቫይረስን እንደ ማጓጓዣ የሚጠቀመውም ለዚህ ነው። ችግሩ ሰውነታችን ፊቱን ያስታውሳል። አንዴ ካየው ሁለተኛ ላያስገባው ይችላል። አንዳንዴም ቁጣው ከልክ ያልፋል፦ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ከቫይረስ ማጓጓዣው በተነሳ ከባድ የመከላከል ምላሽ ሞቷል። ፊዚካዊ ዘዴዎች መታወቂያ ማስመሰል ውስጥ አይገቡም። አጥሩን ለአፍታ ይበሱታል።

ቀላሉ ዘዴ ተራ መርፌ ነው። በ1990 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የጆን ዎልፍ ቡድን ዲኤንኤን ምንም ሳያለብስ፣ ራቁቱን፣ አይጥ ጡንቻ ውስጥ ወጋ። ይሠራል ብሎ የጠበቀ ብዙ አልነበረም። ሠራ። ጡንቻው በአዲሱ ጂን ፕሮቲን ማምረት ጀመረ፤ ምርቱም ቢያንስ ለ2 ወር ታየ። ግን ጂኑን የተቀበሉት የጡንቻ ክሮች ጥቂት ነበሩ።

ቁጥሩን ከፍ ያደረገው ኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁ እንዳይቃጠል ተሯሩጠን እንነቅላለን አይደል? ሕዋስ ላይ ያንኑ ድንገተኛ ምት ሆን ብለው ይለቁበታል፤ ልክክ ባለ መጠን። በሽፋኑ ሁለት ጎን መካከል ያለው ልዩነት 1 ቮልት ገደማ ሲደርስ ሽፋኑ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ምቱ የሚቆየው በሺህኛ ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ቀዳዳው ይደፈናል። ምቱ ከበዛ አይደፈንም፤ ሕዋሱ ይሞታል። እኔ የምወደው ሁለተኛ ጥቅሙን ነው። ዲኤንኤው ነጌቲቭ ስለሆነ ያው ኤሌክትሪክ ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ ይስበዋል፤ በሩን የከፈተው ራሱ እንግዳውን ይገፋል። ስሙ ኤሌክትሮፖሬሽን ነው። በ1982 ኤበርሃርድ ኖይማንና ባልደረቦቹ በአይጥ ሕዋሳት ላይ ጂን አስገብተውበታል። በኋላ በሕያው ጡንቻ ላይ ሲሞከር ከባዶው መርፌ 100 እጥፍና ከዚያ በላይ ውጤት ሰጥቷል። ዕዳውም አለ። ኤሌክትሪክ ይዞት የሚያውቅ ሰው ጡንቻ እንዴት እንደሚኮማተር ይነገረው አይልም። ደግሞም የሚሠራው በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ላለው ሥጋ ብቻ ነው።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስንወርድ ወርቅ ቤቶቹ ትዝ ይሉኛል፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ዘዴ በወርቅ ይተኩሳል። የጂን ሽጉጥ ይባላል። በ1980ዎቹ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጆን ሳንፎርድና ባልደረቦቹ ጂን በተቀባ የተንግስተን ብናኝ ሽንኩርት ላይ ተኮሱ። ሽንኩርት የተመረጠው ሕዋሱ ትልቅ ስለሆነ ነው፤ ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ልጣጩን በማይክሮስኮፕ ያየ ያውቀዋል። ኋላ ላይ ተንግስተኑ በወርቅ፣ ብናኙን ያስወነጭፍ የነበረው ባሩድም በሂሊየም ጋዝ ግፊት ተተካ። ወርቅ ከሕዋስ ጋር ኬሚካዊ ጠብ የለውም። የብናኙ ስፋት 1 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ተኩስ ግማሽ ሚሊግራም ቢፈጅ ነው። በአንድ ግራም ወርቅ 2,000 ጊዜ መተኮስ ይቻላል እንደ ማለት ነው። ጥይቱ ግን ሩቅ አይሄድም። ቆዳ ላይ ጎበዝ ነው፤ ጉበት ለመድረስ ሆድ መከፈት አለበት። ትልቁን ስም ያገኘው በዕፅዋት ነው። ቫይረስ የሚቋቋመውና በ1998 ለሃዋይ ገበሬዎች የተሰራጨው ፓፓያ የዚህ ሽጉጥ ውጤት ነው። ጭማቂ ቤት ለምትጠጡት አትደንግጡ፣ የማወራው ስለ ሃዋዩ ነው።

ጉበትን ያለ ቀዶ ጥገና የሚያገኝ ዘዴ በ1999 መጣ። ጂን ያለበትን ፈሳሽ በአይጧ የጅራት ደም ሥር ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ውስጥ መልቀቅ ነው። መጠኑ የክብደቷ 10 በመቶ ይደርሳል፤ 20 ግራም ለምትመዝን አይጥ 2 ሚሊሊትር። ልብ ያንን ሁሉ ባንዴ መግፋት ስለማይችል ፈሳሹ ወደ ጉበት ይመለሳል። ግፊቱም የሕዋሱን ሽፋን ለጥቂት ጊዜ ይከፍተዋል። በአይጥ ላይ ድንቅ ነው፤ ከጉበት ሕዋሳት እስከ 40 በመቶው ጂኑን የተቀበሉበት ጊዜ አለ። አሁን ሒሳቡን ለ60 ኪሎ ሰው አስሉት፦ 6 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ፣ በ7 ሰከንድ። የአዋቂ ሰው ደም ጠቅላላ 5 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለትልልቅ እንስሳት ቀጭን ቱቦ ወደ ጉበት ደም ሥር ብቻ እያስገቡ በትንሽ መጠን ሞክረዋል። ውጤቱ የአይጧን ያህል አልሆነም።

ነፍሰ ጡሮች የሚያውቁት አልትራሳውንድም እዚህ ይሠራል። ደም ውስጥ የገቡ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች በድምፁ ሲነፉና ሲፈነዱ አጠገባቸው ያለውን ሽፋን ይበሳሉ። ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል።

ወደ ሕዝብ የደረሰም አለ። ሕንድ በነሐሴ ወር 2021 ለአስቸኳይ ጊዜ የፈቀደችው ዚኮቭ-ዲ የተባለው የኮቪድ ክትባት በዓለም የመጀመሪያው ለሰው የተፈቀደ የዲኤንኤ ክትባት ነው። መርፌ የለውም። መሣሪያው ፈሳሹን እንደ ቀጭን ክር በግፊት ቆዳ ውስጥ ይተኩሰዋል፤ 3 ጊዜ፣ በ28 ቀን ልዩነት።

ኤሌክትሮፖሬሽን ግን ትልቁን ድሉን ያገኘው ከሰውነት ውጭ ነው። በ2023 መጨረሻ በብሪታንያና በአሜሪካ የተፈቀደው ካስጌቪ የተባለ የሲክል ሴል (በዘር የሚወረስ የደም በሽታ) ሕክምና የታማሚውን የደም እናት ሕዋሳት አውጥቶ፣ የጂን መቁረጫውን በኤሌክትሪክ ምት አስገብቶ መልሶ ይሰጠዋል። ሕዋሳቱ ከመመለሳቸው በፊት የታማሚው መቅኔ በጠንካራ መድኃኒት መጽዳት አለበት፤ ሆስፒታልም ለሳምንታት ይተኛል። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ተተምኗል።