ማክቤዝን ሚስቱ አላጠፋችውም

የድራማ ክበባችን ማክቤዝን ባሳየ ቁጥር አንድ ነገር አይቀርም። ትያትሩ አልቆ ስንወጣ፣ የደሴ ጉም መንገዱን ሞልቶት፣ አንዱ ጋቢውን እያጣፋ ይጠጋኛል። «ጎበዝ መምህር! አየህ፣ ሴት ስንቱን ታጠፋለች!» ይቺን ነገር ስንቴ እንደሰማኋት! ፒያሳ ሻይ ልጠጣ ብቀመጥም አትቀርልኝም።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ማክቤዝ የስኮትላንድ የጦር አዛዥ ነው። ሦስት ጠንቋዮች «ትነግሣለህ» ይሉታል። ንጉሡ ዳንከን ቤቱ በእንግድነት ባደረበት ሌሊት ይገድለውና ዙፋኑን ይይዛል። ከዚያ ወዲያ መግደል ማቆም ያቅተዋል። በመጨረሻ በስኮትላንዳዊው መኳንንት በማክደፍ እጅ ይወድቃል። ሼክስፒር የጻፈው በፈረንጆቹ 1606 ገደማ ነው። ወደ አማርኛ የመለሰልን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ላራግፍ። «እውነተኛ ታሪክ ነው» ለሚሉኝ፣ ማክቤዝ የሚባል ንጉሥ በፈረንጆቹ ከ1040 እስከ 1057 ገዝቷል። ዳንከን ግን የሞተው በጦርነት እንጂ ተኝቶ አይደለም። «ጠንቋዮቹ ግደል አሉት» የሚባለውም ውሸት ነው። የጦር ጓደኛው ባንኮም አብሮት ቆሞ «ዘርህ ይነግሣል» ተብሏል። ቢላ ሲስል አላየነውም።

አሁን ወደ ሚስትየዋ። «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» እያልን አድገን መሰለኝ፣ ገና መድረክ ላይ ስትወጣ ፈርደንባት እንጨርሳለን። አዎ፣ ገፋፍታዋለች። ፈሪ ብላ ሰድባዋለች። ግን የጠንቋዮቹን ትንቢት የጻፈላት ደብዳቤ እጇ ሳይገባ በፊት እኮ ሰውየው ፀጉሩ እስኪቆም ድረስ ግድያውን በሐሳቡ አይቶታል። ከዋክብትን «ብርሃናችሁን ደብቁ፣ ጥቁር ምኞቴ እንዳይታይ» ብሎ የለመነ እሱ ነው። ያኔ እሷ የት ነበረች? ቤቷ!

ደግሞ ሁሉም የሚዘላት ቦታ አለች። ባንኮን ሊያስገድል ነፍሰ ገዳይ ከላከ በኋላ፣ ሚስቱ ምን ልታደርግ ነው ብላ ስትጠይቀው «አንቺ አትወቂው፣ ሲያልቅ ታመሰግኚኛለሽ» ነው ያላት። የማክደፍን ሚስትና ልጆች ሲያስፈጅም አላማከራትም። ታዲያ ይሄ ሁሉ በማን ይሳበብ?

አምና እመቤቲቱን የሠራችው ልጅ ለመጀመሪያው ልምምድ ጆግና ሳፋ ይዛ መጣች። በእንቅልፍ ልቧ እየተራመደች እጇን የምታጥብበት ትዕይንት ነው። «ቲቸር፣ ውሃው እዚህ ይቀመጥ?» አለችኝ። ውሃ የለም አልኳት። ክፍሉ ሁሉ «ደሴ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ግን እውነት ውሃ የለም፤ ደረቅ እጅ ነው የምታሸው። ውሃ የነበረው በግድያው ሌሊት ነው። ያኔ «ትንሽ ውሃ ያነጻናል» ብላ ነበር። ልጅቷ ጆጉን አስቀምጣ እጇን ማሸት ስትጀምር ሳቁ ጸጥ አለ። ጣቶቿ መሃል ሳይቀር ትፈትግ ነበር፣ ቀለም እንደነካው ሰው።

ባልየውስ? እሱም እንቅልፍ አጥቷል፣ እሱም ደሙን አይቷል። ግን «ደሙ ውስጥ ብዙ ስለገባሁ መመለሱም እንደ መሻገሩ ያደክማል» ብሎ ወደፊት ይሄዳል። ጸጸቱ ከመግደል አላስቆመውም።

ዘንድሮ «አንቺ አትወቂው» የሚላትን ቦታ ከመድረኩ ጫፍ፣ ተመልካቹ አፍንጫ ሥር፣ ጮክ ብሎ እንዲያወራ ማክቤዝን ለሚሠራው ልጅ ነግሬዋለሁ። ባለጋቢውም ፊት ወንበር ተይዞለታል።