ለሕክምና ምርምር ኮምፒውተር በቡድን ማዋል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፎልዲንግ አት ሆም እ.ኤ.አ. በ2000 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በቪጄይ ፓንዴ ቤተ ሙከራ የተጀመረ ፕሮጀክት ነው፤ ዛሬ የሚመሩት በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ግሬግ ቦውማን ናቸው። ሥራው የፕሮቲኖችን እንቅስቃሴ በሰዎች ቤት በሚገኙ ኮምፒውተሮች ማስላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲስፋፋ ብዙ ሕዝብ ስለተቀላቀለ ድምር አቅሙ በሰከንድ ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ስሌት አለፈ። ከዚያ ወዲህ የሥራ ባልደረቦች፣ ተማሪዎችና ጓደኛሞች ቡድን እየመሠረቱ ይገባሉ። የሚያሳዝነው ግን የአንዳንዶቹ ማሽን ሌት ተቀን እየሠራ ውጤቱ ለተመራማሪዎቹ በጊዜ አይደርስም። ለዚህ ምክንያት የሆኑትን አመለካከቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቡድን ስንሆን ኮምፒውተሮቻችን ተጋግዘው አንድ ሥራ ይሠራሉ»

አይሠሩም። እያንዳንዱ ማሽን ከሰርቨር የራሱን የስሌት ድርሻ (ወርክ ዩኒት ይባላል) ይወስዳል፣ ብቻውን ያሰላል፣ መልሶ ይልካል። የጎረቤታችሁ ኮምፒውተር ቢፈጥን የእናንተን አያፈጥነውም። ፕሮጀክቱ ለተሠራ ድርሻ ነጥብ ይሰጣል፤ ቡድን ማለት በዚህ የነጥብ መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ምንም ካልሞላችሁ ቁጥራችሁ 0 ይሆናል።

እንዲህም ሆኖ ቡድን ይጠቅማል። የአንዱ ማሽን ከቆመ ሳምንት እንደሆነው ከነጥቡ ዝርዝር ላይ አይቶ የሚደውልለት ሰው ይኖራል። አጀማመሩ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው በፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ቡድኑን አስመዝግቦ ቁጥር ይቀበላል፤ ሌሎቹ ያንን ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስማቸውንና ፓስኪያቸውን ያስገባሉ። ስሙን በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ፣ በሁሉም ማሽኖቻችሁ ላይ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉት። የቡድኑን ቁጥር ገና ከመጀመሪያው ቀን አስተካክሉ፤ በ0 ስም የተመዘገበ ነጥብ በኋላ ወደ ቡድናችሁ አይዛወርም።

ፓስኪ በኢሜይል የሚላክ 32 ፊደልና ቁጥር ያለው ቁልፍ ነው። ብዙዎች «አያስፈልግም» ብለው ይዘሉታል። ያለ እሱ የሚገኘው መነሻ ነጥብ ብቻ ነው። ቶሎ ለተመለሰ ድርሻ የሚጨመረው የፍጥነት ጉርሻ የሚጀምረው በዚሁ ፓስኪ 10 ድርሻ ከተጠናቀቀ በኋላ ሲሆን፣ ከተቀበላችሁት ቢያንስ 80 በመቶው በትክክል ተሠርቶ መመለስ አለበት።

«ቀስ ብሎም ቢሆን ሠርቶ ካስረከበ ምን ችግር አለው?»

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ አመለካከት ነው። የፕሮቲን እንቅስቃሴ የሚሰላው በጥቂት ፌምቶሰከንድ እርምጃ ነው፤ አንድ ፌምቶሰከንድ ከሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛው ክፍል ነው። ጉዞው ረጅም ስለሆነ በተራ ይቆራረጣል፤ የአንዱ ድርሻ መጨረሻ ለቀጣዩ መነሻ ይሆናል። 41ኛው ካልተመለሰ 42ኛውን ሰርቨሩ ሊያዘጋጀው አይችልም። የእናንተ ማሽን ቅዳሜን ጠፍቶ ከዋለ ያ ሰንሰለት በሙሉ ቅዳሜን ቆሞ ይውላል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ድርሻ ሁለት ቀጠሮ አለው። የመጀመሪያው ሲያልፍ ሰርቨሩ ያንኑ ድርሻ ለሌላ ሰው ይልካል፣ የፍጥነት ጉርሻውም ይቀራል። ሁለተኛው ካለፈ ነጥብ የሚባል ነገር የለም፤ የፈጀው መብራትም በከንቱ ነው።

የነጥቡ ቀመርም የተሠራው ይህን በማሰብ ነው። ጉርሻው የሚሰላው የተሰጠው ጊዜ ለፈጀው ጊዜ ተካፍሎ ከሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው። አንድን ድርሻ በአራት እጥፍ ፍጥነት የሚጨርስ ግራፊክስ ካርድ ለዚያ ድርሻ እጥፍ ነጥብ ያገኛል፤ በዚያው ጊዜ አራት ድርሻ ስለሚጨርስ በጠቅላላው ስምንት እጥፍ ይሆንለታል። ይህን አይቶ «አድልዎ ነው» የሚል አዲስ አባል አይጠፋም። ለተመራማሪው ግን ቶሎ የተመለሰ ድርሻ በእርግጥ የበለጠ ዋጋ አለው።

በተግባር ምን ይደረግ? ፕሮግራሙ ድርሻው ሊያልቅ የቀረውን ጊዜ ያሳያል። 12 ሰዓት ይላል እንበል፤ ኮምፒውተራችሁ የሚበራው ማታ ማታ ለ3 ሰዓት ከሆነ አራት ምሽት ይፈጃል ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለት ቀን ከሆነ ሥራው ለእናንተ አይደለም። እንዲህ ላለ ማሽን፣ በተለይም ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው፣ ቦይንክ በተባለው ፕሮግራም የሚሠሩት ሮዜታ አት ሆም ወይም ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ ይሻላሉ። የኋለኛውን አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2004 ጀምሮት፣ በ2021 በቶሮንቶ ወደሚገኘው ክሬምቢል የምርምር ተቋም ተዛውሯል።

መንገድ ስትሄዱ ወይም ፕሮግራሙን ልታጠፉ ስታስቡ «ፖዝ» አትጫኑ፤ «ፊኒሽ» የሚለውን ተጫኑ። የያዘውን ጨርሶ ይልካል፣ አዲስ አይወስድም።

«መብራት ከሄደ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል»

ከዜሮ አይጀምርም። ፕሮግራሙ በየጊዜው ቼክፖይንት (እስከዚያ የደረሰበትን ስሌት ቅጂ) ያስቀምጣል። በፕሮሰሰር የሚሠራው በተለምዶ በየ15 ደቂቃው ስለሆነ የምታጡት ቢበዛ ያንኑ ያህል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር፣ አዲስ አበባም ይሁን ሌላ ቦታ፣ የሚያሳስበው መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅ ነው። ዩፒኤስ ካላችሁ ሥራ ለማስቀጠል አትጠቀሙበት፤ 300 ዋት የሚስብ ማሽን ትንሽ ዩፒኤስን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በአግባቡ አጥፍቶ ለመውጣት ግን በቂ ነው። በጄነሬተር መሥራት በእኛ ግምት ፈጽሞ አያዋጣም።

«ጌም ላይ ችግር ስለሌለበት ግራፊክስ ካርዴ ጤነኛ ነው»

ጌም ላይ አንድ ነጥብ በተሳሳተ ቀለም ቢታይ በሚቀጥለው ምስል ይጠፋል። ስሌት ላይ ግን አንድ የተሳሳተ ቁጥር አንዱን አቶም ከቦታው ይገፋዋል፣ እሱም ሌላውን ይገፋል፣ መጨረሻ ላይ በሎጉ (በፕሮግራሙ የሥራ መዝገብ) ላይ የአቶሞቹ ቦታ «ናን» ይላል፤ ቁጥር አይደለም ማለት ነው። ፕሮግራሙ ወደ ቼክፖይንቱ ተመልሶ ይሞክራል፣ ደጋግሞ ከከሸፈ ድርሻውን ይጥለዋል። ለጉርሻው የሚያስፈልገው የ80 በመቶ ልክ የሚጓደለው በዚህ መንገድ ነው።

ኦቨርክሎክ ያደረጋችሁት (ከፋብሪካው ልክ በላይ እንዲፈጥን ያስተካከላችሁት) ካለ፣ የካርዱን ሜሞሪ ጨምሮ፣ ወደ ፋብሪካ ልኩ መልሱት። የኃይል ጣሪያውን ወደ 70 በመቶ ማውረድም ጥሩ ነው፤ የሚጠፋው ፍጥነት ከሚቆጠበው መብራት ያነሰ ነው፣ ሙቀቱና የፋኑ ጩኸትም ይቀንሳል። ዊንዶውስ በራሱ አፕዴት የሚጭነው ድራይቨር ብዙ ጊዜ ኦፕንሲኤል (ካርዱን ለስሌት ለመጠቀም የሚያስፈልገው ክፍል) ስለሚጎድለው ካርዱ «አልተገኘም» ይባላል፤ ድራይቨሩን ከኤንቪዲያ ወይም ከኤኤምዲ ድረ ገጽ ራሱ አውርዱ። ድርሻ እየተሠራ ሳለ ግን ድራይቨር አትቀይሩ። ለእያንዳንዱ ካርድም ከፕሮሰሰሩ አንድ ትሬድ (አንድ የሥራ መስመር) ነፃ ተዉለት፤ አለበለዚያ ካርዱ ሥራ ሲጠብቅ ይውላል።

«ኮምፒውተሩ እንደሆነ በርቶ ነው የሚውለው፤ ተጨማሪ ወጪ የለውም»

አለው። ሥራ ፈትቶ 60 ዋት የሚወስድ ማሽን ስሌት ሲገባ 300 ዋት ሊደርስ ይችላል። 300 ዋት በ24 ሰዓት 7.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን 216 ነው። ይህን በቆጣሪያችሁ ታሪፍ አባዙትና አስቡበት። ከዚህ ሁሉ ኃይል የሚወጣው ሙቀት ነው። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ሆኖ ክፍሉን በኤሌክትሪክ ሂተር የሚያሞቅ ሰው በክረምት ብዙ አይጎዳም፤ ዱባይ ላለ ሰው ግን ያንኑ ሙቀት ለማስወጣት ኤሲው ተጨማሪ ይከፈልበታል። ስለዚህ ቀዝቃዛዎቹን ወራት ብቻ መሥራት የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

«አልፋፎልድ መጥቷል፤ ይህ ሥራ አብቅቶለታል»

የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አልፋፎልድ ድንቅ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር ተሰጥቶበታል። ሽልማቱን የተጋሩት ዴቪድ ቤከር ደግሞ የሮዜታ አት ሆም መሥራች ናቸው። አልፋፎልድ በዋናነት የሚሰጠው ፕሮቲኑ የሚይዘውን ቅርጽ ነው። ፕሮቲን ግን ይንቀሳቀሳል፤ ሲንቀሳቀስ ለአፍታ ተከፍተው የሚዘጉ ኪሶች አሉት፣ መድኃኒት ሊገባ የሚችለውም እዚያ ሊሆን ይችላል። ቪፒ35 የተባለው የኢቦላ ፕሮቲን መድኃኒት የሚይዝበት ቦታ የሌለው ይመስል ነበር። የቦውማን ቡድን በስሌት የተደበቀ ኪስ አገኘበት፤ በቤተ ሙከራም ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ።

«ፋይላችንን ያያሉ፤ ወይም በድብቅ ክሪፕቶ ያመርቱብናል»

ፕሮግራሙ የሚሠራው በራሱ የሥራ ፎልደር ውስጥ ነው። የሚልከውም የስሌቱን ውጤትና ስለ ማሽናችሁ ዓይነት መሠረታዊ መረጃ ነው። ክሪፕቶ አያመርትም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከየት እንደምታወርዱት ነው፤ ከፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ውጭ፣ በቴሌግራም የተላከ ፋይል አትጫኑ።

«የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ብጭን ለበጎ ሥራ ስለሆነ ማን ይከፋል?»

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ጆርጂያ አንድ የኮሌጅ ቴክኒሽያን በኮሌጁ ማሽኖች ላይ ተመሳሳይ የስሌት ፕሮግራም በመጫኑ በወንጀል ተከሶ ነበር። መብራቱ፣ ኢንተርኔቱና ማሽኑ የሌላ ናቸው። ፈቃዱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጥያቄው ላይ ስንት ማሽን እንደሆነ፣ በየትኞቹ ሰዓቶች እንደሚሠራ፣ በግምት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅና ችግር ሲፈጠር ማን እንደሚያጠፋው አስፍሩ። ዓርብ ማታ ሁሉም የሚዘጋበት መሥሪያ ቤት ከሆነ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ «ፊኒሽ» የሚጫን ሰው መድቡ።